ዳላስ አለ?

የሙሄን ሞት የሰማሁት ሌዊስቪል ባለው መጋዘን ውስጥ የውሻ ምግብ ካርቶን ላይ መለያ ስለጥፍ ባረፈድኩበት ማክሰኞ ነው። ስልክ ይዞ ወደ መስመሩ መግባት ስለማይፈቀድ፣ መልእክቱን ያየሁት ለዕረፍት ወጥቼ ሎከሬን ስከፍት ነው። የላከችው ሚስቱ ፋጡማ ናት። «እትዬ ብርቄ፣ ሙሄ ትናንት አመሻሽ ላይ ሄደብን። ቀብሩ ዛሬ ከዙህር በኋላ ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የሎከሬን በር ዘጋሁና መልሼ ከፈትኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ፈቃድ ስጠይቃት የክፍላችን ኃላፊ ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳታነሳ «ፋሚሊ ነው?» አለችኝ። ለዘመድ ካልሆነ ቀን አይሰጡም። «ወንድሜ ነው» አልኳት። ውሸት ነው። በሙሄ ነገር የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ግን ይሄ አይደለም። የመጀመሪያው ከዚህ የከፋ ነው፤ እሱንም ሳልናገር አልጨርስም።

አሟሟቱም እንደ አኗኗሩ ነው። ቀኑን ሙሉ በየሰው ደጃፍ ዕቃ ሲያደርስ ውሎ፣ ቫኑን ቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጀርባዬን ትንሽ ላሳርፍ ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛው። ፋጡማ እራት ቀረበ ልትለው ስትወጣ እዚያው ተኝቶ አገኘችው። ልብ ነው አሉ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ዲጄ ሙሄን የማያውቅ የዚህ ከተማ ሐበሻ ካለ፣ ወይ አላገባም ወይ ሰርግ አይጠራም። እኔና እሱ የቅዳሜና የእሑድ ባልደረቦች ነበርን። እኔ በሳምንቱ መካከል መጋዘን፣ ሰንበት ሲሆን ዲኮር ነኝ፤ አዳራሽ ውስጥ መጋረጃ እሰቅላለሁ፣ ወንበር በሪባን አስራለሁ፣ ሙሽሮቹ የሚቀመጡበትን አሳምራለሁ። እሱ ደግሞ በሳምንቱ መካከል ዕቃ አድራሽ፣ ሰንበት ሲሆን ዲጄ። ሁለታችንም ሰው ከመድረሱ በፊት እንገባለን፣ ሰው ከወጣ በኋላ እንወጣለን። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከባሌ ጋር እንኳ ይህን ያህል አልቆየሁም።

መጀመሪያ ያየሁት ካሮልተን ውስጥ አንድ አዳራሽ ነው። ገና በጠዋቱ መሰላሌን ይዤ ስገባ አንድ ቀጭን ጎረምሳ ጉንጩን ስፒከር ላይ አስደግፎ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሰክሯል ብዬ በመጋረጃው ዘንግ ጎኑን ነካ አደረግኩት።

«ሰርጉ ደረሰ?» አለኝ ብንን ብሎ።

«አልደረሰም። ግን ሙሽሮቹ በሚገቡበት መንገድ ላይ ነው የተኛኸው።»

«ይቅርታ እናቴ፤ ከሌሊት ሺፍት መምጣቴ ነው። እርስዎ መሰላሉን ይትከሉ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ።» ተነሣና ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አድርጎ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል «ድካም ተራውን ይጠብቅ» አለ።

ይህቺን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጠርኳትም። ጉልበቴን ይዤ ሳቃስት ይላታል፤ ሌሊቱን ገመድ ሲጠቀልል ይላታል። እኔም መጋዘን ውስጥ ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ ሰው ሳይሰማኝ እላታለሁ። «እናቴ» ማለቱን ግን ያን ዕለት አስቆምኩት፤ «እርስዎ»ንም ጨምሬ። አርባ ዓመት ለሞላት ሴት ይሄ ከዲኮሩ በላይ የሚያደክም ነገር ነው። ከዚያ በኋላ «እትዬ ብርቄ» እና «አንቺ» ሆንኩ።

የሙሄ አሠራር እንዲህ ነበር። ምግቡ ተበልቶ ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ አገር ለአገር ዙሪያ ይጀምራል። ይሄ የሰርጋችን ወግ ነው፤ ዲጄ ሁሉ ያደርገዋል። ሙሄ ግን ዘፈኑን ከማስገባቱ በፊት ማይኩን ይዞ ይጣራል። «ጎጃም አለ?» ሲል አንዱ ጠረጴዛ «አለ!» ይላል፤ ይነሣል፤ ትከሻው ይወርዳል። «ጉራጌ አለ?» «አለ!» ወለሉ በእግር ይደበደባል። «ሐረር አለ?» «አለ!» የደሴ ልጅ ነውና «ወሎ አለ?» ሲል ድምፁን ትንሽ ያስረዝማታል፤ አድልዎ ነው እያልን እንስቅበታለን። አንድም ሰው ሳይጠራ እንዳይቀር ይጠነቀቅ ነበር። የሲዳማ ሰው አንድ ብቻ ካለ፣ ለዚያ ለአንዱ ሰው አንድ ሙሉ ዘፈን ያጫውታል።

በዚያ በመጀመሪያው ሰርግ ግን አገሩ ሁሉ ተጠርቶ አልቋል ስንል ማይኩን እንደገና አነሣ።

«ዳላስ አለ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በስተጀርባ ባለው ጠረጴዛ እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ተቀምጠዋል፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው፤ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ይጎረጉራሉ፣ እኛ በእነሱ እናፍራለን። ልጄ ሊያም እዚያው ነበረች። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የሚጠብቅልኝ ሰው ስለሌለ በየአዳራሹ ይዣት እዞራለሁ፤ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

«ዳላስ አለ ወይ?» አለ ሙሄ ደግሞ።

ሊያ እርሳሷን አስቀመጠችና ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለች ተማሪ እጇን አወጣች።

«አንድ ሰው አለን!» ብሎ ጮኸና የማላውቀውን ነገር ለቀቀው። መጀመሪያ አንድ ወፍራም ምት መጣ፤ መጋረጃዬ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የሰው ጩኸት፤ ዘፈን ያልሆነ፣ ልቅሶም ያልሆነ፣ አንዱ የሚያወጣው ብዙ ሰው የሚቀበለው ጩኸት። የኋላው ጠረጴዛ ባንዴ ባዶ ሆነ። እነዚያ ሲጠሩ የማይሰሙ፣ ሲበሉ የማይናገሩ ልጆች እየዘለሉ መሐል ወለሉን ሞሉት። ሊያ ጫማዋን አውልቃ ነበር።

ካፖርት የለበሱ አንድ አዛውንት ተነሥተው ሄዱበት። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ምን የሚሉት ነው?»

ሙሄ ድምፁን ዝቅ አደረገና በማይኩ፣ ሁሉም እየሰማ፣ አስተማራቸው። «አባባ፣ ይሄ ክራንክ ይባላል። የደቡብ ሙዚቃ ነው፤ የዚህ አገር ደቡብ። ሜምፊስ ጀመሩት፣ አትላንታ አገነኑት፣ ዳላስ ደግሞ ቡጊ የሚሉትን የራሱን እግር ጨመረበት። የኒውዮርኮቹ ግጥም ያበዛሉ፤ ቁጭ ብለው ነው የሚያዳምጧቸው። ይሄ ግን ቁጭ ብሎ አይሆንም።»

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ብዙም አይል። አንዱ ይጮሃል፣ ሌላው ይቀበላል።»

«ትርጉሙን ነው የምጠይቅህ።»

«አባባ፣ እርስዎ ሙሽራ ሲያስገቡ ‘ሆ’ ይላሉ። ትርጉሙ ምንድን ነው?»

አዛውንቱ ቆም ብለው አሰቡ። «ሆ ነዋ» አሉ።

«ይሄም ሆ ነው። እርስዎ የት ተወለዱ?»

«ደብረ ብርሃን።»

«የደብረ ብርሃኑን ተጫወትን። እነዚህ ልጆች ደግሞ የተወለዱት እዚሁ ሆስፒታል ነው። የአገራቸው ጭፈራ ይሄ ነው። ሌላ የላቸውም፤ ከየት ላምጣላቸው?»

አዛውንቱ አልተቀመጡም። ካፖርታቸውን ይዘው ጨዋታው እስኪያልቅ ቆመው አዩ።

እኔ አልተዋጠልኝም። እውነቱን ልናገርና በነዚያ አሥራ ስምንት ዓመታት ውስጥ ያንን ሙዚቃ አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም። ራሴን ያመኛል። ሙሄ ግን እኔን ማስተማር የሥራው አካል አድርጎ ያዘው። መሰላል ላይ ሆኜ ስሰቅል ቀስ አድርጎ ይከፍትና «ስሚው እስቲ፣ አትቸኩይ» ይለኛል። «ምቱን ብቻ ስሚ። ፈጣን ነው እንዴ?»

«መድፍ ነው።»

«አይደለም፤ ቀርፋፋ ነው። በእግርሽ ምቺው።» መታሁት፤ እውነትም ቀርፋፋ ነው፤ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ይራመዳል። «የሚያቻኩልሽ ጩኸቱ ነው እንጂ ሙዚቃው ደክሞታል። ይሄን የፈጠሩት ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ የከረሙ ናቸው፤ እንደ እኔና እንዳንቺ። ዓርብ ላይ የቀረቻቸውን አንድ እፍኝ ጉልበት ተሰብስበው ባንዴ ያወጧታል። ሀብታም እንዲህ አይጮህም፤ ምን አግኝቶት?»

አንድ ቀን ላበሽቀው ብዬ «አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ያው መንዙማ ነዋ» ብለው ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ ብርቄ፣ እሱን እዚህ አታምጪብኝ። ያ ለአላህ ነው፤ ይሄ ለእግር ነው።» ሶላቱን የሚሰግደው እኔ የመጋረጃ ጨርቅ በማስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ነው ስፒከሩን የሚያበራው። ሁለቱን ቀላቅሎ አያውቅም።

ሙዚቃውን የተማረው ከትምህርት ቤት ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከአባቱ ጋር እዚህ ሲመጣ እንግሊዝኛ የሚባል አያውቅም ነበር። ምሳውን ለብቻው ጂም ውስጥ ይበላል። አንድ ቀን ልጆቹ ክብ ሠርተው፣ የእንጨቱን መቀመጫ እየደበደቡ ሲጮሁ ቆሞ ሲያይ አንዱ እጁን ይዞ መሐል አስገባው። ምን ያድርግ? የሚያውቀውን አደረገ፤ ትከሻውን ጣለ። ክቡ አበደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮሪደሩ ሲያልፍ «ሾልደርስ!» እያሉ ይጠሩት ጀመር። «ሦስት ወር ሙሉ ስሜን የጠራ ሰው አልነበረም» አለኝ ይሄን ሲያወጋኝ። «ይሄ አገር መጀመሪያ የጠራኝ በዚህ ሙዚቃ ነው። እኔም ሌላውን ብጠራበት ምናለበት?»

የዘፈኖቹን ስድብ ግን አይወድም ነበር፤ እናቶች ባሉበት ነውር ነው ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዘፈን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቆርጠዋል። ስድቡ በወጣበት ቦታ ምን ይክተት? እልልታ። አንዲት ሴት እልል ስትል ድምጿን ቀድቶ፣ ስድብ ባለበት ሁሉ እሷን ይሰካባታል። ጥቁር አሜሪካዊ እየፎከረ መጥቶ ሊሳደብ ሲል «እልልልል!» ይላል። ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። አንድ ዓመት ያህል ከሰማሁት በኋላ ነው ያቺ ሴት እኔ መሆኔን ያወቅሁት። አንድ ሰርግ ላይ እልል ስል በስልኩ ቀድቶኝ ኖሯል።

«ድምፄን ሰረቅከኝ!»

«ካንቺ የተሻለ እልልታ ዳላስ ውስጥ የለም። ፈልጌ አጥቼ ነው።»

«ስድብ መሸፈኛ አደረግከኝ እኮ!»

«ታዲያ እልልታ ከዚህ የተሻለ ምን ሥራ አለው?»

ሌላም ቦታ ያስገባኝ ነበር። «ዳላስ አለ?» ብሎ ልጆቹ «አለ!» ካሉ በኋላ «የዳላስ እናቶች አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የትኛዋ እናት ትመልሳለች? ሁላችን ዞር ብለን ቦርሳችንን እናስተካክላለን። ያኔ ሙሄ አንዲት ቁልፍ ይጫንና የኔን የተቀዳ እልልታ ይለቀዋል፤ ከዚያ ምቱ ይገባል። በየሰርጉ ስለ እናቶቹ ሁሉ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ አፌን ዘግቼ፣ መሰላሌን ታቅፌ።

አሁን ወደ ሊያ ሰርግ ልምጣ።

ልጄ ደረሰች፤ ተማረች፤ ፍሪስኮ ውስጥ መስኮቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ቢሮ ገባች። ያገባችው ደህና ልጅ ነው። ወላጆቹ ግን ሌላ ዓለም ናቸው፤ አባትየው ዶክተር፣ እናትየው ስትናገር ከንፈሯ የማይንቀሳቀስ። ሰርጉን እነሱ ደገሱ፤ የእሑዱ መልስ የኔ ሆነ። ከመልሱ በፊት ባለው ሐሙስ ለሙሄ ኮል አደረግኩለት።

«ያንን የልጆቹን ነገር እንድትተወው ፈልጌ ነበር» አልኩት።

ወዲያው ገባው። «ዳላስን?»

«አዎ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ምን ይሉኛል? ሙሽራ በባዶ እግሯ ስትዘል።»

«እትዬ ብርቄ፣ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እኮ ሊያ ናት።»

«አውቃለሁ። እኔው ወለድኳት።»

«እሺ» አለ። «አንቺ ካልሽ እሺ።»

መልሱ ከምሳ በኋላ ደመቀ። ሙሄ አገሩን ሁሉ ዞረ፤ አማቾቼም ተነሥተው ጎንደርን ተጫወቱ፤ አባትየው ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ሳቀ። ሐረር ሲያልቅ ሊያ የአገር ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ጫማዋን አወለቀች። አብሮ አደጎቿም አወለቁ። አብረው ያደጉባቸው ሰርጎች ሁሉ በዚህ ነው የሚያልቁት፤ ማንም ሳይነግራቸው መጥተው መሐል ወለሉ ላይ ቆሙና ሙሄን አዩት። ሙሄ እኔን አየኝ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። እንደገና አየኝ። እንደገና ነቀነቅኩ።

የመሰናበቻውን ዘፈን ለቀቀ።

ሊያ ትንሽ ቆመች። ከዚያ እየሳቀች ጫማዋን አጠለቀች። ልጄ ስታዝን ትስቃለች፤ ከኔ የወረሰችው ነው። ስትሄድ አቅፋ ሳመችኝና በጆሮዬ «ማሚ፣ የኤቭሪባዲ አገር ተጫወተ። የኔ ብቻ ቀረ። ኢትስ ኦኬ» አለችኝ። ኦኬ እንዳልነበረ እኔም እሷም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ፍሪስኮ እኔ ከምኖርበት ከካሮልተን ራቀ። በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው፤ ልጄ ግን ለበዓል ብቻ የምትመጣ ሆነች። ስደውልላት «ኦኬ ማሚ፣ ሚቲንግ አለኝ» ትለኛለች፤ ቅዳሜም።

ያን ዕለት ሙሄ ገመዱን ከጠቀለለ በኋላ አንዲት ፍላሽ ሰጠኝ። ነጭ ፕላስተር ለጥፎባት «ሊያ» ብሎ ጽፎባታል። «የሷን ለብቻው ሠርቼው ነበር። ቀን ሲመቻችሁ ስጫት፤ ቤት ውስጥ ትሰማዋለች።» አልተቆጣም፤ ቅር ያለውም አይመስልም ነበር። የደከመ ፊት ቅሬታን ይደብቃል፤ እኔ ይሄን ማወቅ ነበረብኝ። ፍላሿን ተቀብዬ ሪባን የማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ወረወርኳት።

አልሰጠኋትም። መጀመሪያ ረሳሁት፤ ከዚያ ስላሳፈረኝ፤ ከዚያ ብዙ ስለቆየ። መስጠት ማለት ጥፋቴን ማመን ሆነብኝ። እኔ ደግሞ ጥፋቴን ከማምን ሌዊስቪል ድረስ በእግሬ ብሄድ ይቀለኛል።

በሚቀጥለው ሰርግ ሙሄ ገና ስፒከሩን ሳያወርድ «ሰጠሻት?» አለኝ።

«ሰጠኋት።»

«ምን አለች?»

«በጣም ወደደችው።»

ፊቱ እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። «አለቀሰች እንዴ?» አለኝ። «ትንሽ» አልኩት። ያ ነው የመጀመሪያው ውሸት። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሊያን ባነሣን ቁጥር ያችን ፍላሽ ያነሣታል፤ እኔም በየጊዜው አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፤ መኪናዋ ውስጥ ትሰማዋለች፣ ለባሏም አሰማችው። እንደዚያ ቀለል ብሎኝ መዋሸቴ አሁን ያስፈራኛል።

ያን ማክሰኞ መስጊዱ የደረስኩት ከነመጋዘን ቬስቴ ነው፤ ማውለቁን ረስቼዋለሁ። ዕቃ አድራሾች ከነዩኒፎርማቸው መጥተዋል፤ ሙሄ ሰርጋቸውን ያጫወታቸው ወጣቶች መጥተዋል፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ የነበሩ ሁለት ትልልቅ ጥቁሮች ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ጥግ ላይ ቆመዋል። ሴቶቹ ከመኪኖቹ አጠገብ ሆነን ጀናዛው ሲያልፍ አየን። ዝም ብለው፣ ፈጠን ብለው ወሰዱት። ያን ሁሉ ሰው ሲያስጮህ የኖረ ሰው አንድ ድምፅ ሳይሰማ ሲሄድ ማየት ከበደኝ። ድካም ተራው ደረሰ፤ አልኩ በልቤ፤ አለቀስኩ።

ለቅሶ ልደርስ ቤቱ ስገባ ፋጡማ አቅፋ ያዘችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር። «እትዬ ብርቄ፣ ያችን የሊያን ፍላሽ ሦስት ቅዳሜ እኮ ነው የሠራት» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ተጫውቶ ይበተናል እንጂ ቤቱ ገብቶ ወደድኩት ያለኝ የለም፤ ሊያ ብቻ ናት ይል ነበር። ሲደክመው እሷን እያነሣ ነው የሚነሣው። አላህ ይስጥልኝ በያት።»

«እላታለሁ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ቤቴ ገብቼ ያንን ሣጥን ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። ፍላሿ ከወርቃማ ሪባን ጋር ተጠላልፋ ተገኘች። ለሊያ ደወልኩ። «ሚቲንግ እንዳለሽ አውቃለሁ። እሑድ ነይ፤ የማሳይሽ አለኝ። ብትቆጪም ነይ።»

መጣች። ቀሚሴን እየጎተትኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፍላሿን፣ ውሸቱን፣ ፋጡማን። ፍላሿን ከእጄ ወሰደችና ስሟን አነበበች።

«ስሪ ይርስ?»

«ሦስት ዓመት።»

«ሶ… ሙሄ አላወቀም? ማለቴ፣ እኔ ሰምቼ ታንክ ዩ ያላልኩት መስሎት?»

«የለም፤ አንቺ የወደድሽው መስሎት ነው የሞተው።»

ይሄን ጊዜ አልሳቀችም። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ከቦርሳዋ ኮምፒውተሯን አወጣች፤ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። አዲሷ መኪናዋም የላትም። የኔዋ አሮጌ ካምሪ ግን አላት። ወርደን አፓርትማው ፓርኪንግ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እሷ መሪው ጋ እኔ ጎኗ ተቀመጥን።

መጀመሪያ የሙሄ ትንፋሽ መጣ። ከዚያ ድምፁ፤ ቤቱ ሆኖ በሹክሹክታ የቀዳው፣ የደከመው፣ ግን የሚስቅ። «እናቶች፣ አባቶች፣ ወሎን አየን፣ ጉራጌን አየን፣ ጎንደርን አየን። አሁን ወደ ሙሽሪት አገር እንሄዳለን። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ልጅ ዛሬ ሙሽራ ሆናለች። ዳላስ አለ?»

ከዚያ ጸጥታ። ለመልሱ ቦታ ትቶለታል።

ሊያ መሪውን ለቃ እጇን አወጣች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አለ» አለች።

«የዳላስ እናት አለች?» አለ ሙሄ።

የተቀዳውን እልልታዬን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። በየሰርጉ የሚያስገባውን ድምፄን እዚህ አላስገባውም። እኔ በአካል እንደምቆም አስቦ፣ ቦታውን ለኔ ባዶ ትቶት ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣ አለ። ምቱ ገባና መኪናዋ ተንቀጠቀጠች።

ሊያ እጇን ሰደደችና አቆመችው። «የአንቺ ተርን ነበር፣ ማሚ።»

«አየሁት።»

«አጌን?»

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አሁን ወደ ላይና ወደ ታች። ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ሙሄ ወሎን አየን አለ፣ ጉራጌን አየን አለ። ልጄ እጇን አወጣች። «የዳላስ እናት አለች?»

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት ሴት እያለፈች ነበር፤ ምን ትለኛለች አላልኩም። እልል አልኩ፤ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የዘጋሁትን። ትንፋሼ አልቆ ዝም ስል ከበሮው ገባ፤ ሊያም ጫማዋን አወለቀች።